የማምሻ ብርሃንና የመርፌ ቀዳዳ

አንዲት ሴት የወረቀት መስኮቷን ገፋ አድርጋ ከጥጉ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ቤቱ መጨላለም ጀምሯል፤ ፊቷን ግን ወደ ውጭ፣ ሊያልቅ ጥቂት ወደቀረው የቀን ብርሃን መልሳዋለች። መርፌውን ከዓይኗ ትክክል ከፍ አድርጋ ክሩን የምታስገባበትን ቀዳዳ ትፈልጋለች። በሥዕሉ ላይ ከዚህ ሌላ የሚሆን ነገር የለም። «ማምሻ» የተባለውን ይህን ሥዕል ኡኤሙራ ሾኤን የሣለችው በ1941 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ንብረትነቱም የትልቅ ሙዚየም ሳይሆን ኪዮቶ ውስጥ የሚገኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት በፖስት ካርድ ላይ ነበር፤ ለትምህርት ኪዮቶ በገባሁበት ዓመት፣ ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ደጃፍ በተቀመጠ ሳጥን ውስጥ። እናቴ አባታችን ካረፈ በኋላ እኔንና ወንድሜን የሐበሻ ቀሚስ እየጠለፈች ነው ያሳደገችን። አመሻሹ ላይ መብራት ሲጠፋ ሥራዋን ይዛ ወደ በረንዳ ትወጣና የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርጥባ ታሾለዋለች፤ ከዚያ መርፌውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ አንድ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ያቺን ቅጽበት ከእኔ ሌላ ያያት ያለ አይመስለኝም ነበር። ከቤቴ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ እኔ ከመወለዴ በፊት በሞተች ሠዓሊት እጅ ተሥላ ሳገኛት ካርዱን ገዝቼ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ስለዚህች ሴት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ።

የቤት ስሟ ጹኔ ነው። ኪዮቶ ውስጥ ሚያዝያ 23 ቀን 1875 ስትወለድ አባቷ ካረፈ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። እናቷ ናካኮ በሃያ ስድስት ዓመቷ ሁለት ሴት ልጆች ታቅፋ፣ ሺጆ በተባለው ትልቅ ጎዳና ላይ ካለች የሻይ ቅጠል መሸጫ ጋር ቀረች። ዘመዶቿ ሱቁን ዘግታ እንደገና እንድታገባ ቢመክሯትም አልተቀበለቻቸውም፤ ቅጠሉን ራሷ እየመዘነች፣ ሌሊት የሰው ልብስ እየሰፋች ልጆቿን አሳደገች። ጹኔ ደግሞ አፍ ከፈታችበት ጊዜ አንስቶ ሥራዋ መሣል ብቻ ነበር፤ ከሱቁ መደርደሪያ ጀርባ ተቀምጣ፣ ደንበኛ እየገባና እየወጣ፣ በብሩሽና በጥቁር ቀለም የሴት ምስል ስትሥል ትውላለች።

ያን ጊዜ ኪዮቶ የተከፋች ከተማ ነበረች። ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ሆና ኖራ፣ በ1869 ቤተ መንግሥቱ ወደ ቶኪዮ ሲሄድ መኳንንቱም ገንዘቡም አብረው ሄዱባት። የከተማዋ ሰዎች ግን የቀራቸው የእጅ ጥበብ መሆኑን ስላወቁ በ1880 የመንግሥት የሥዕል ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጹኔ በ1887፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ እዚያ ገባች። ሴት ልጅ ስፌትና ሻይ አቀራረብ እንጂ ሥዕል ምን ያደርግላታል ብለው የተቆጡ ዘመዶች ነበሩ፤ ናካኮ ግን ልጄ የወደደችው መንገድ ነው ብላ መለሰቻቸው። እኔ ይህን መልስ በቀላሉ አላልፈውም። የነገዋን ዳቦ የማታውቅ ሴት ለልጇ የሚበላ ሙያ መምረጥ ሲገባት፣ የሚወደድ ሙያ መረጠችላት። ሾኤን በስተርጅና ዕድሜዋ፣ የወለደችኝ እናቴ ጥበቤንም ወለደችው ብላ የጻፈችው ይህን ቀን ይዛ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ መምህሯ ሱዙኪ ሾኔን ነበር፤ ተራራና ጥድ በጠንካራ፣ በቁጡ ብሩሽ የሚሥል ሰው። እርሱ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ እርሷም ተከትላው ወጣች፤ ከስሙም «ጥድ» የሚለውን ፊደል ቆርሶ ሰጥቷት ሾኤን ተባለች። በ1890 ቶኪዮ በተከፈተው ሦስተኛው የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ላይ አራቱን ወቅቶች በአራት ሴቶች የሚያሳይ ሥዕል አቀረበችና ተሸለመች፤ ጃፓንን ሲጎበኝ የነበረው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ፣ የኮናውት መስፍን፣ ሥዕሉን ገዝቶት ሄደ። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነበር። ጋዜጦች ስሟን አወጡ፤ ከሻይ ሱቁ ሰገነት የወጣች ልጅ በአንድ ጊዜ የከተማው መነጋገሪያ ሆነች።

ዝናው ግን ሥራውን አላቀለለላትም። ከሾኔን በኋላ ከኮኖ ባይሬይ፣ እርሱ በ1895 ሲሞት ደግሞ ከታኬኡቺ ሴይሆ ዘንድ ተማረች፤ ከመጀመሪያው የብሩሽ ጉልበት፣ ከሁለተኛው ልስላሴ፣ ከሦስተኛው ደግሞ ያዩትን ነገር ደጋግሞ የመንደፍ ልማድ ወሰደች። በጊዮን በዓል ሰሞን የኪዮቶ ነጋዴዎች ያላቸውን የቆየ ተጣጣፊ ሥዕል አውጥተው ከመንገድ እንዲታይ በየቤታቸው የማቆም ልማድ አላቸው። ሾኤን በዚያ ወቅት ከቤት ቤት እየዞረች፣ ባለቤቶቹን እያስፈቀደች፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ የድሮዎቹን ሥራዎች በትንሽ ደብተር ላይ ትገለብጥ ነበር። እነዚያን ደብተሮች እስከ ዕለተ ሞቷ አልጣለቻቸውም። ሴቶቹ ተማሪዎች ጥቂት፣ ወንዶቹ ብዙ በሆኑበት ክፍል ውስጥ የሚመክታት ነገር ቢኖር በእጇ ያለው የመገልበጥ ብዛት ብቻ መሆኑን ታውቅ ነበር።

የምትሠራበት ጥበብ ኒሆንጋ፣ ማለትም የጃፓን ሥዕል ይባላል። ስሙ የወጣው በሜይጂ ዘመን (1868–1912) የአውሮፓ የዘይት ቀለም ሲገባ ያንን ከነባሩ ለመለየት ነው። ነባሩ በሐር ወይም በወረቀት ላይ የሚሣል ነው፤ ቀለሙም ከድንጋይና ከዛጎል ተፈጭቶ፣ ከእንስሳ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ይያዛል። ምን እንደሚያስከፍል በወሬ ብቻ እንዳይገባኝ ብዬ ለጀማሪዎች በሚሰጥ አጭር ትምህርት ላይ ተመዝግቤ ነበር። መምህራችን በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ነጩን ቀለም በማዘጋጀት ብቻ አለቀ። ነጩ ኦይስተር የተባለው የባሕር እንስሳ ዛጎል ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ ላይ ተጥሎ ከተነጣ በኋላ የተፈጨ ዱቄት ነው። ዱቄቱን በሙቀጫ አልመን፣ ለብ ያለውን ሙጫ ጠብታ በጠብታ ጨመርንበት፤ ሲያያዝ እንደ ሊጥ እየጠቀለልን ከሸክላው ሳህን ላይ መቶ ጊዜ መታነው። መቶ የሚባለው እንዲያው ለአነጋገር አይደለም፤ ይቆጠራል። በሰባኛው ላይ ክንዴ ዛለ። መምህሩ ሊጡን በጣታቸው ነካ አደረጉና «ገና ነው» ብለው አለፉ። ሰማያዊው አዙራይት፣ አረንጓዴው ማላካይት የሚባል ድንጋይ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ጎርበጥ ብሎ ሲፈጭ ይጠቁራል፣ ሲልም ይገረጣል። ሙጫው ሲበዛ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ ይረግፋል። ሐር ላይ ያረፈ ጥቁር መስመር ደግሞ አይፋቅም። ሾኤን የሴትን ፀጉር ከግንባሩ ዳር አንድ በአንድ የምታወጣው በዚህ መሣሪያ ነው፤ ያን ቀን ማታ የሥዕሎቿን መጽሐፍ ስገልጥ ግንባሮቹን ብቻ እያየሁ ቆየሁ።

በ1902 ሳታገባ ወንድ ልጅ ወለደች። አባቱ ማን እንደሆነ በአደባባይ ተናግራ አታውቅም፤ ብዙዎች የመጀመሪያው መምህሯ ነው ይላሉ። በዚያ ዘመን ኪዮቶ፣ ባል የሌላት ታዋቂ ሴት ልጅ ታቅፋ ስትታይ ከተማው ምን እንደሚላት አንባቢ አያጣውም። ናካኮ ሱቋን ዘግታ ሕፃኑንም ወጥ ቤቱንም ተረከበች፤ ሾኤን ወደ ሥዕል ክፍሏ ተመለሰች። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሜዩ ስለተባለች የዮኮሃማ ሴተኛ አዳሪ የሣለችው ሥዕል ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቅሎ ሳለ አንድ ሰው የሥዕሉን ፊት በእርሳስ አበላሸው። በታሪኩ እንደሚወራው ካሜዩ ለባዕድ ሰው ከመቅረብ ይልቅ ሞትን የመረጠች ሴት ናት። አዘጋጆቹ ነገሩን አቅልለው፣ በድብቅ መጥታ እንድታስተካክለው ሊልኩባት ቢሞክሩ፣ ሾኤን እንዳለ ይታይ ብላ መለሰች። የተጎዳው ፊት ከነጉዳቱ ተሰቅሎ ሕዝብ አየው። ስለዚህ ነገር በማስታወሻዋ ላይ ስታወሳ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ እኔ ግን ያ እርሳስ የተሰነዘረው በሥዕሏ ሴት ላይ ብቻ ነበር ብዬ ማመን አልችልም።

ወንዶቹ የሚሥሉት የቆንጆ ሴቶች ሥዕል የቆየ ዘርፍ ነው። ከሜይጂ በፊት ከነበረው ከኤዶ ዘመን የእንጨት ህትመት ጀምሮ ሴቲቱ የምትታየው እንድትታይ ነበር፤ አንገቷ፣ ቁርጭምጭሚቷ፣ የኪሞኖዋ አገባብ ሁሉ ለሚመለከታት ሰው የተዘጋጀ ነው። ሾኤን ዘርፉን አልጣለችውም፤ ኪሞኖውንም፣ የፀጉሩን አሠራርም፣ ማበጠሪያውንም ከማንም በላይ ታውቀው ነበር። ነገር ግን ሴቶቿ ለተመልካች የሚሆን ዓይን የላቸውም። አንዷ የመርፌ ቀዳዳ ትፈልጋለች፣ ሌላዋ የወባ ትንኝ መከላከያ መጋረጃውን ስትሰቅል ያረፈች የእሳት ትል ታያለች፣ ሌላዋ ልጇን ታቅፋለች። እኛ አጠገባቸው መኖራችንን አያውቁም፣ ቢያውቁም ሥራቸውን አያቆሙም። እነዚህን ሥዕሎች ጣፋጭና ረጋ ያሉ ናቸው ብለው የሚያልፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ ግን ርጋታው የጸጥታ አይመስለኝም፤ አጥብቆ የመያዝ እንጂ። ይህን ያወቅሁት ደግሞ መያዙ አንድ ጊዜ በላላበት ሥዕል ነው።

ወደዚያ ሥዕል የሚያደርሰው መንገድ በ1915 «የአበባ ቅርጫት» በተባለው ሥራዋ ይጀምራል። ጭብጡ የተወሰደው ኖ ከተባለው የጃፓኖች ጥንታዊ የጭምብል ቴአትር ነው፤ የምትወደው ሰው ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሲለያት አእምሮዋ የተነካ ሴት ትደንሳለች። ሾኤን እብደትን ከግምት አልሣልም ብላ ኪዮቶ አጠገብ ኢዋኩራ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሄዳ ከታካሚዎቹ ጋር ተቀምጣ ተመለከተች። ፊታቸው ላይ ስሜት እንደማይመላለስ፣ ዓይናቸው አንድ ነገር ላይ እንደማያርፍ ስታይ የኖ ጭምብል ትዝ አላት፤ ጭምብሉን በሕያው ሰው ፊት ልክ ደጋግማ ነደፈችው፣ የሥዕሏንም ሴት ፊት ከዚያ አወጣችው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1918፣ «ነበልባል» መጣ። ይህን ሥዕል ያየሁት ቶኪዮ፣ ኡኤኖ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሐር በብርሃን ስለሚጎዳ ሁልጊዜ አይሰቀልም፤ መሰቀሉን ሰምቼ ከኪዮቶ በሌሊት አውቶቡስ ሄድኩ። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ በመሆኑ ሴቲቱ በእኛው ልክ ፊት ለፊት ትቆማለች። «የገንጂ ታሪክ» ከተባለው የአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን የጃፓን ልብ ወለድ የምትመጣው እመቤት ሮኩጆ ናት፤ ቅናቷ ከሥጋዋ ወጥቶ በሕይወት ሳለች መንፈስ ሆኖ የተቀናቃኟን ነፍስ የሚያሳድድ። ጀርባዋን ሰጥታ ወደኋላ ዞር ብላለች፤ ከፀጉሯ አንድ ዘለላ በጥርሷ ነክሳለች። ኪሞኖዋ ላይ የአበባ ሐረግ ተንጠልጥሏል፣ በሐረጉም መካከል ትልቅ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ከታች እግሯ እየሳሳ ወደ ምንም ይገባል። መጽሐፍ ቅዱስ ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ አጥንቱ ሲነቅዝ አየሁት።

ዓይኗን ለማየት ወደ መስታወቱ ቀረብኩ። ነጩ ላይ አንድ የማይያዝ ብልጭታ አለ፤ ራሴን ወደ ግራና ቀኝ ሳነቃንቅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ምሥጢሩ ከኋላ ነው። የኖ ተዋናይ የነበረው ኮንጎ ኢዋኦ፣ በቴአትሩ የምትቀና ሴት ጭምብል የዓይኗ ነጭ ላይ ወርቅ እንደሚደረግበት ነገራት፤ እርሷም ወርቁን በፊት ለፊት ሳይሆን በሐሩ ጀርባ፣ ልክ ከዓይኑ ነጭ በስተኋላ ቀባችው። የሥዕሉን ስምም ያወጣው እርሱ ነው። ሾኤን በዚያ ወቅት ሥራዋ አልሄድ ብሏት በጭንቅ ውስጥ ነበረች፤ ዕድሜዋ አርባ ሦስት ደርሷል። በኋላ ዞር ብላ ስታስበው እንዲህ ያለ የሚያስፈራ ሥዕል ለምን እንደሣለች ለራሷም እንደሚደንቃት ጽፋለች፤ ከሥራዎቿ ሁሉ እንዲህ ያለው ይህ አንዱ ብቻ መሆኑንም። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በትልልቆቹ ኤግዚቢሽኖች ላይ እምብዛም አልታየችም።

ከሥዕሉ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ስለ ፖስት ካርዴ ሴት ነበር። የሻይ ቅጠል መዝና ያሳደገች እናት፣ ልጅ ታቅፋ ከሐሜት መካከል ያለፈች ሠዓሊት፣ ፊቷን በእርሳስ ያበላሹባት ካሜዩ፣ ያ ሁሉ ሳይነገር የት ሄደ ብዬ ለጠየቅኩት ሁሉ መልሱ ከፊቴ ፀጉሯን ነክሳ ቆማለች። ከዚያ በኋላ የመጡት ረጋ ያሉ ሴቶች ይህን የማያውቁ አይደሉም። ያውቁታል፤ ግን ክሩን ይዘዋል።

ናካኮ በ1934 አረፈች። በዚያው ዓመት ሾኤን «እናትና ልጅ» የተባለውን ሥዕል ሠራች። እናትየዋ ከጎን ትታያለች፣ ቅንድቧ ተላጭቶ ከቦታው ላይ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ቀርቷል። በድሮው ልማድ የወለደች ሴት ቅንድቧን ትላጫለች፤ ሾኤን በልጅነቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ሽቅብ የምታየው የእናቷ ፊት እንደዚያ ነበር። ሰማያዊ ቅንድብ በሣልኩ ቁጥር የምሥለው የእናቴን ነው ብላለች። አዙራይቱ እንዴት ልሞ ልሞ እንዲያ እንደገረጣ፣ ሳህን ላይ ዛጎል ለመታ ሰው ማየቱ ብቻ ልብ ይነካል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የመጣው «የዝግታ ዳንስ» የሥራዋ ጫፍ ተብሎ ይታወቃል። ከሁለት ሜትር በሚበልጥ ቁመት ላይ ቀይ ኪሞኖ የለበሰች ወጣት ሴት ማራገቢያ የያዘ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ ኖ ውስጥ ካሉት ዳንሶች ሁሉ እጅግ ዝግ ያለውን ልትጀምር። ምራቷን ሞዴል አድርጋ፣ ፀጉሯን ለሙሽራ በሚሠራው ደንብ አሠርታ ነደፈቻት። ምንም ነገር ሊደፍረው የማይችል፣ በሴት ውስጥ የተሸሸገ ጽኑ ፈቃድ መግለጽ ፈልጌ ነው ስትል ራሷ አስረድታለች። እጁ ሙሉ በሙሉ ዝም ብሏል፤ የኪሞኖው እጅጌ ወደ ታች በክብደቱ ይወርዳል፤ ተመልካቹ ግን ቀጣዩን እንቅስቃሴ ይጠብቃል። በ1965 ይህ ሥዕል በጃፓን ቴምብር ላይ ወጣ፣ በ2000 ደግሞ በመንግሥት የሚጠበቅ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

የማልደብቀው ነገር አለ። በ1941 መጨረሻ፣ ጃፓን ቻይናን ወርራ ሳለች፣ ሾኤን በስድሳ ስድስት ዓመቷ የጃፓን ወታደሮችን ለማጽናናት ሻንሃይና ናንጂንግ ተጉዛለች። የጃፓን ጦር ከአራት ዓመት በፊት ናንጂንግ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይከብደዋል። እኔም ከብዶኛል። «ማምሻ» የተሣለው በዚያው ዓመት ነው፤ ሁለቱን በአንድ እጅ ይዞ መቆየት እንጂ አንዱን ለሌላው ስል መሰረዝ አልፈልግም።

የጦርነቱ መጨረሻ ሲቃረብ ኪዮቶን ትታ ናራ አጠገብ ወዳለ የልጇ ቤት ገባች። በ1948 የባህል ኒሻን ተሰጣት፤ ኒሻኑ በ1937 ከተቋቋመ ወዲህ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። በዓመቱ፣ ነሐሴ 27 ቀን 1949 አረፈች። ያ በሐሜት መካከል የተወለደው ልጅ ሾኮ የወፍና የአበባ ሠዓሊ ሆኖ በ1984 ያንኑ ኒሻን ተሸለመ፤ የልጅ ልጇ አጹሺም በ2022። የሦስቱም ሥራዎች ናራ ውስጥ በሚገኘው የሾሃኩ ሙዚየም ይታያሉ። ናካኮ የሻይ ሱቋን ባትይዝ ኖሮ ከእነዚህ ሦስት ኒሻኖች አንዱም እንደማይኖር ሾኤን ብትኖር ትናገር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ፖስት ካርዱን ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ። ስለ ኪዮቶም፣ ስለ ሠዓሊቷም ምንም ሳልነግራት ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፣ ለረጅም ጊዜም አየችው። «መሽቶባታል» አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ «ክሩ ነጭ ነው አይደል? ነጭ በማምሻ ይሻላል፤ ጥቁሩ ነው የሚያስቸግረው» ብላ ካርዱን ከክር ሳጥኗ ክዳን በውስጥ በኩል አስገብታ ወደ ጥልፏ ተመለሰች።